እስከ ሞጆ የደረሰው መስመር

ናዝሬት ላይ የእኔን ወሬ በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰሙት። አዋሽ ድልድይ ላይ ጉማሬ ሊፍት ጠይቆኝ ከኋላ ጭኜው መተሐራ ድረስ ወስጄዋለሁ ብዬ ሳወራ፣ «የት ወረደ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንኳ የለም። ስለዚህ ይኼኛውን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ግድግዳው ግን እንዳለ አለ፤ መጥቶ ማየት ነው።

ጉዲቱ ወዬሳ ወደ ጭነት ድርጅታችን የመጣችው በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ነፋሱ የአንዱን ቀበሌ አፈር አንሥቶ ሌላው ቀበሌ ላይ በሚያራግፍበት ወር ነው። ከእሷ በፊት ወሬዋ ደረሰ። ምሥራቅ ጀርመን ተምራለች፣ ኮምፒዩተር የሚባል ማሽን ታመጣለች፣ ማሽኑ መኪናውንም ሾፌሩንም ጭነቱንም አንድ በአንድ ያውቃል ተባለ። እኔም የበኩሌን ጨመርኩበት። ለጎሚስታዎቹ፣ «ማሽኑ ሰው ቁርሱን ምን እንደበላ በትንፋሹ ይለያል» አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የሸተተ ሰው አልነበረም።

ማሽኑ ግን አልመጣም። አሰብ ወደብ ተቀምጦ ፈቃድ ይጠብቃል አሉ። ጉዲቱ ጥቅል ወረቀቷን፣ እርሳሷንና ረጅም ማስመሪያዋን ይዛ ብቻዋን መጣች። የቢሮውን ላንድሮቨር የምነዳው እኔ ስለሆንኩ፣ የግቢያችን ኃላፊ ጓድ ሱሌማን ጠራኝና፣ «ጓድ ጃራ፣ መሐንዲሷ የምትጠይቅህን ሁሉ ንገራት። እውነቱን» አለኝ። «እውነቱን» ሲል ጠረጴዛውን በጣቱ መታ አደረገው።

«ማሽኑ ሳይመጣ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አንቺ በለኝ» አለች። «ማሽኑ ሲመጣም ባዶውን ነው የሚመጣው። መኪና ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሾፌር ምን እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ እኛ እዚህ ያለውን ሁሉ በወረቀት ሠርተን ነው የምናሳውቀው።»

ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር ያጣበቀላት ኦቦ ባጫ ነው። ኦቦ ባጫ የግቢያችን ዘበኛ ነው፤ ዱቄት በውኃ አፍልቶ ሙጫ ይሠራል። እሱ የለጠፈው ነገር አይላቀቅም። በዘመቻው ጊዜ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ መፈክር ለጥፎ፣ መጋዘኑ ሲፈርስ መፈክሩ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጉዲቱ ሳጥን ትሥላለች፤ ሳጥኑን በሁለት መስመር ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች። ከላይ ስሙን፣ መካከል ላይ በውስጡ የያዘውን፣ ከታች ደግሞ የሚሠራውን ትጽፋለች። መኪና ታርጋ አለው፣ ነዳጅ አለው፣ የሚችለው ክብደት አለው። ይሄዳል፣ ይጭናል፣ ያራግፋል።

«ይበላሻል» አልኩ።

«እሱም ይገባል።» ጻፈችው።

«ሾፌሩን ይሰድባል።»

«ሁሉም መኪና ነው ወይስ አንዱ?»

«የእኔው ላንድሮቨር።»

«እንግዲያው እዚህ አይገባም» አለች ቀና ሳትል። «እዚህ የሚገባው ሁሉም የሚጋሩት ብቻ ነው።» መስመሯን ጨርሳ ማስመሪያውን ካስቀመጠች በኋላ ነው የሳቀችው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበረች፤ ቀልዴን ወስዳ ታስቀምጠዋለች፣ ሥራዋ ሲያልቅ ትስቅበታለች። እኔ ደግሞ ያቺን ሳቅ እየጠበቅኩ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላውቀውም።

ሽንኩርት ጫኝ መኪኖቻችንን ልታይ ወደ ዝዋይ መንገድ ይዣት ወርጄ፣ አዳሚ ቱሉ ጋ ቆመን አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተሳቢውን ሲፈታ አየን። ጉዲቱ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «ተሳቢው የመኪናው አካል ነው?» አለችኝ።

«አካሉ አይደለም፤ ሚስቱ ናት» አልኳት። «መኪናው ሲሞት አብራው አትሞትም። ሌላ ታገባለች።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ልቡ ነው። ልብ ወጥቶ ያገባል እንዴ?»

ለሞተሩ አንድ ዓይነት መስመር፣ ለተሳቢው ሌላ ዓይነት መስመር አሠመረች። ነፋስ ፀጉሯን አፏ ውስጥ እየከተተው፣ እሷ በእርሳሷ ጫፍ እየመለሰችው። እዚያ ቦታ ላይ ነው ነገሬ የተበላሸው። እስከዚያ ድረስ ሰው ነበርኩ።

ስንመለስ በሰዎቹ ሳጥን ጀመረች። ከላይ «ሰው» የሚል ሳጥን አደረገች። ከእሱ ሥር «ሠራተኛ»። ከሠራተኛ ሥር በግራ «ሾፌር»፣ በቀኝ «መሐንዲስ»። ከታች ወደ ላይ መስመር ሠራችላቸው፤ የመስመሩ ጫፍ ባዶ ሦስት ማዕዘን ነው።

«ይኼ ማለት የታችኛው የላይኛው ዓይነት ነው ማለት ነው» አለች። «ሠራተኛ ደመወዝ አለው ብዬ ከላይ ከጻፍኩ፣ ለሾፌር ደግሜ አልጽፍም። ይወርድለታል።»

«እኔ ታዲያ የት ነኝ?»

«አንተ ዓይነት አይደለህም። አንተ አንዱ ነህ።» ከ«ሾፌር» ሥር በነጠብጣብ መስመር ትንሽ ሳጥን ሠርታ «ጃራ ቀነዓ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እኩል እንዲሆን ብላ በወዲያኛው በኩል ከ«መሐንዲስ» ሥር «ጉዲቱ ወዬሳ» አለች። «ለምሳሌ ያህል ነው» አለችኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ቀነዓ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳይናገር፣ እኔም ሳልጠይቀው፣ በሕፃንነቴ ሞተ። እናቴም አታውቅም ነበር። የሰፈር ልጆች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እኔ ጃራ፣ ቀነዓ ብዬ አልቅ ነበር። ስለዚህ ቀሪውን መፍጠር ጀመርኩ። አያቴን አንዴ የአንበሳ ባልንጀራ፣ አንዴ ባቡር በትከሻው የገፋ ሰው አደረግኩት። ወሬ ፈጠራ የለመድኩት እዚያ ነው፤ ትምህርት ቤትማ ስድስተኛ ላይ ተለያይተናል። እና ያን ቀን ስሜ ግድግዳ ላይ ተጽፎ፣ ከራሱ ላይ መስመር ወጥቶለት፣ ሽቅብ ሄዶ ከሰው ጋር ሲያያዝ አየሁ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ምነው?» አለች።

«አቧራ ነው።»

ልለምናት ቆረጥኩ። ግን በእኔ አፍ እንዴት ይሆናል? «እወድሻለሁ» ብላት፣ «ሁልጊዜ ነው ወይስ ዛሬ ብቻ?» ብላ እርሳሷን እንደምታነሣ ይታየኛል። ጉማሬ መኪና ላይ ያሳፈረ አፍ ነው። የሚታመን አፍ ያስፈልገኝ ነበርና ወደ ኦቦ ባጫ ሄድኩ። አሰላ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድልኝ ጠየቅኩት።

«ጴንጤ ናት አይደል?» አለኝ ሙጫውን እያማሰለ።

«ናት።»

«እሱን እችለዋለሁ። ጎሳዋ ምንድነው?»

«እዚያ ሲደርሱ እርስዎ ይጠይቁ ይሆናል እንጂ እኔ ምን አውቄ።»

«ያንተስ?»

«የኔንማ ያውቁታል፣ ኦቦ።»

«አላውቀውም። አንተም አታውቀውም። ሽማግሌ ዘር ሳይቆጥር ደጅ አይረግጥም፤ ምን ብዬ ነው የምቆጥርልህ?»

አፌ አላርፍ አለና፣ «የኔና የሷ ስም ግድግዳ ላይ ተጽፎ የለም? ምን ቆጠራ ያስፈልጋል» ብዬ ተኩራርቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ባጫ በሩ ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀምጧል።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ባጫ?»

«ነጋያ። ተቀመጥ ልጄ።» ተቀመጥኩ። «አሰላ አልሄድም» አለኝ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋኸውማ ነገር የለም። ግን እህትህን አልለምንልህም።»

ኦቦ ባጫ ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ቤቱ ተሰቅሏል። አንድ አንድ ፊደል እየነካካ ነው የሚያነበው፣ ካነበበ በኋላ ግን ያነበበውን ማንም አያስጥለውም። ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት ከወረቀቱ ፊት ቆሞ የእኔን ስም አግኝቷል፣ የእሷን ስም አግኝቷል፣ ከሁለታችንም የሚወጣውን መስመር በጣቱ ተከትሎ ወጥቷል።

«ጃራ፣ ቀነዓ፣ ሾፌር፣ ሠራተኛ» ብሎ ጣቱን አጠፈልኝ። «ጉዲቱ፣ ወዬሳ፣ መሐንዲስ፣ ሠራተኛ። አራተኛው ላይ ትገናኛላችሁ። የሚፈለገው ሰባት ነው።»

«ኦቦ፣ ሾፌር እኮ የሰው ስም አይደለም።»

«መጠሪያው ነዋ። አያትህ በጣሊያን ጊዜ ሾፌር ነበር ማለት ነው። አንተስ መሪ መያዝ ከየት አመጣኸው?»

«ከላይ ያለውስ? ሰው የሚባል ሰው አለ?»

«ለምን የለም? እኛ አገር ናሞ የሚባል ሰው አውቃለሁ። ናሞ ማለት ያው ሰው ማለት ነው።» ትከሻዬን ያዘኝ። «እኔ ደስ ብሎኛል ልጄ። ዘር የለውም ሲሉህ ነበር። ይቺ ልጅ ጀርመን ድረስ ሄዳ ፈልጋ አምጥታልሃለች። ወገን አገኘህ። ሚስት ሌላ ቦታ ፈልግ።»

መሳቅ ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አንድ ወር እስቅበት ነበር። ግን አያት ሲሰጡህ እንዴት ትስቃለህ? ያን ጠዋት ላንድሮቨሯን እያጠብኩ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ የጣሊያን መኪና የሚነዳ፣ እጁ እንደ እጄ የሆነ ሽማግሌ አብሮኝ ሲያጥብ ነበር። ደግሞ አንድ ልብ ብቻ ነው ያለኝ፤ አያቴን ካስቀረሁ ጉዲቱ ትቀራለች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ፣ «ኦቦ፣ ይኼ የዘር ነገር አይደለም። የሥራ ዓይነት ነው። ራሷ ናት የነገረችኝ» አልኩት።

«ጉማሬውም ራሱ ነው የነገረህ።»

«እሷን ይጠይቋት እንግዲያ።»

«ሴት ልጅን ስለ ዘሯ? ነውር ነው። እኔ ወረቀቱን ነው የማምነው። ወረቀቱ ሌላ ካለ ሌላ እላለሁ።»

ወረቀቱ ሌላ ካለ። ይቺን ቃል ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሳጥን ብቻ ነው የሚጎድለኝ፤ ከሾፌርና ከሠራተኛ መካከል ሦስት ሳጥን ከገባ ቆጠራው ይሞላል።

«ጉዲቱ፣ አንድ ነገር ረስተናል» አልኳት በማግሥቱ። «ሾፌር ቀጥታ ሠራተኛ አይሆንም። መጀመሪያ መሪ ያዥ ነው። መሪ ያዥ ከመሆኑ በፊት ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ቀድሞ ፍሬን ረጋጭ ነው።»

«ፍሬን ረጋጭ» አለች እርሳሷን ነክሳ።

«በጣም የተለየ ሰው ነው።»

«ሾፌር የማይሠራው፣ እሱ ብቻ የሚሠራው ምንድነው?»

«ይረግጣል።»

«ሾፌርም ይረግጣል። ሥራ የሌለው ሳጥን አላስገባም፣ ጃራ። መሰላሉ በረዘመ ቁጥር ከላይ የተጻፈው ነገር ወደ ታች ሲወርድ ይጠፋብናል።»

«እሺ ሁለቱን ብቻ አስገቢና፣ አንዱን ደግሞ በአንቺ በኩል። መሐንዲስ ከመሆንሽ በፊት ማስመሪያ ያዥ ነበርሽ።»

ማስመሪያዋን አስቀመጠች። አልሳቀችም። «ለምንድነው የምታስረዝመው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ቢያንስ አራት ውሸት ምላሴ ላይ ነበር፣ ሁሉም ጥሩ ጥሩ ናቸው። ግን እነሱን ስመርጥ እሷ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ስለነበር ሁሉንም ነገርኳት። ኦቦ ባጫን፣ አሰላን፣ አራተኛውን ቤት፣ ኮፍያ ያደረገውን አያቴን። ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ለምን አንተ ራስህ አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አሰበች። ሌላ ሴት ብትሆን፣ አዎ ትል ነበር። «አላውቅም» አለች።

ተነሥታ ወጥታ ኦቦ ባጫን ጠራችው፤ ወረቀቱ ፊት አቆመችው። «አባቴ፣ ይኼ ዘር አይደለም። የኔ አባት ወዬሳ ነው፣ የወዬሳ አባት ዋቆ ነው፣ አሰላ ላይ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃቸዋል። ይኼ የሥራ ዓይነት ነው። እርስዎንም ባስገባዎት ከዚሁ ከሠራተኛ ሥር ነው የሚሆኑት።»

«እኔም?» አለ ኦቦ ባጫ።

«ሁላችንም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዘሩን ቁጠር ካሉኝ የኔው ወገን ነው እላለሁ። ለመሄድ እኮ ምንም አልቀረኝም፣ ጫማዬን ብቻ ነው።»

ጫማውን ሊያደርግ ሲወጣ ነው ጓድ ሱሌማንን በር ላይ ቆሞ ያገኘነው። ማሽኑ ከአሰብ ተነሥቷል። ግን ናዝሬት አይወርድም፣ አዲስ አበባ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል። መሐንዲሷም ሥዕሏን ይዛ ነገ በጠዋቱ ባቡር ትግባ ተብሏል። «ከላይ የመጣ ነው» አለ፤ እሱም ደስ ያለው አይመስልም።

ኦቦ ባጫ አንድ ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዞ ቆመ። ነገ የምትሄድ ልጅ ላይ ዛሬ ሽማግሌ አይላክም፤ አባቷስ ምን ይላል፣ ሊያባርሯት ነው ወይስ ሊያስቀሯት? ጫማውን መልሶ አወለቀ።

ብቻችንን ስንሆን ጉዲቱ እርሳሷን ሰጠችኝ። «የቀረ ነገር ካለ ጨምር። ነገ አጥፌ እወስደዋለሁ።»

እርሳሱን ይዤ «ሾፌር» የሚለውን ሳጥን አየሁ። እዚያ የምጽፈው አልነበረም፤ ሁሉም ሾፌር የሚጋራው ነገር አይደለም። ከሥር ትንሹ ሳጥን ውስጥ፣ ስሜ ጎን፣ «ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንደ ዶሮ እግር ነው፣ ግን ይነበባል።

አጎንብሳ አነበበችው። «ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

ማስመሪያዋን ከጠረጴዛው አነሣች። ከውጭ የታትራ መኪና ሞተር ሲሞቅ ይሰማል። «ከአንተ ሳጥን ወደ እኔ ሳጥን መስመር መሥራት ትችላለህ» አለች። «መስመር የሚጀምረው ከሚፈልገው ወገን ነው። የወዲያኛው ሳጥን ላያውቅ ይችላል። ከወዲያም ካለ ደግሞ ከወዲያ ሌላ መስመር ይመጣል።»

«ከወዲያስ አለ?»

«ዛሬ ጠዋት አልነበረም። አሁን አላውቅም። ያላወቅኩትን አልሥልም፣ ጃራ።» ድምጿ ግን ሥራ ላይ እንዳለች አልነበረም።

ማስመሪያዋን ተቀብዬ ከስሜ ወደ ስሟ መስመር ጀመርኩ። በማስመሪያም ሆኖ ጠማማ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ልታነሣ ስትስበው የኦቦ ባጫ ሙጫ ሥራውን ሠራ። ከላይ ያለው ተላቀቀ፣ ቀኙ ተላቀቀ፣ የግራው ታችኛው ጥግ ግን አልነቃነቅ ብሎ፣ ተቀዶ ግድግዳው ላይ ቀረ። ኦቦ ባጫ አንገቱን ደፍቶ፣ «በምላጭ ላንሣልሽ?» አላት። ጉዲቱ የቀረውን አየችው። ስሜ፣ ስሜ ጎን የጻፍኩት፣ ከእሱም የጀመረው መስመር እስከ ተቀደደው ጠርዝ ድረስ። የእሷ ስም ያለበት ጫፍ እጇ ላይ ነው።

«ይተዉት አባቴ» አለች። «እዚያው ይጠብቅ።»

ጣቢያ አደረስኳት። ባቡሩ ሲመጣ ልቀልድ ፈልጌ አንድ ቀልድ አጣሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መስኮቱ ላይ ሆና፣ «ጉማሬው የት ወረደ?» አለችኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «አልወረደም» አልኳት። «ከመተሐራ መልሼ አመጣሁት።» ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ፣ እንደ ልማዷ ዘግይታ፣ ስትስቅ አየኋት።

ይኸው እስከ ዛሬ ኦቦ ባጫ ጠዋት ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት መጀመሪያ ያንን ጥግ ያያል፣ ከዚያ በሩ ላይ ሲያገኘኝ፣ «አለ፣ አልተላቀቀም» ይለኛል። ጫማውን ቀለም ቀብቶ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል። «ከዚያ በኩል መስመር ከመጣ አሰላ ቅርብ ነው» ይላል።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከሰል አመጣሁና ወረቀቱ ከተቀደደበት ቦታ መስመሩን ግድግዳው ላይ ቀጠልኩት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ አበባ በኩል። መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ በመስኮቱ ወጣሁ። በአጥሩ ላይ፣ በባቡሩ ሐዲድ ጎን፣ በስልክ እንጨቶቹ ላይ እያሠመርኩ ሄድኩ። ሰው ምን እየሠራህ ነው ሲለኝ የመንግሥት ሥራ ነው እላለሁ። ሞጆ ስደርስ ከሰሉ አለቀብኝ። አንድ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ አዘነልኝና ከምድጃው ሊያመጣልኝ ሄደ፤ እሱን እየጠበቅኩ ነው።

ኦቦ ባጫ፣ መስመሩ መስኮቱ ጋ ነው የቆመው ይላል። ይበል። እሱ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ከሞጆ ወዲያ አልሄድም፤ እስከዚያ ያለው መንገድ የእኔ ነው፣ የቀረው ከወዲያ በኩል የሚመጣው ሰው ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ካለ፣ ወደዚህ የሚመጣ የእርሳስ መስመር ካየ፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ናዝሬት ላይ ጃራ ብሎ ይጠይቅ።